የመኪና ባትሪ ስንት ዓመት ይቆያል? አዲስ አበባ ውስጥ ለሚያሽከረክር ሰው የሚሆን መመሪያ

በደንብ የተያዘ የመኪና ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ከዚያ በላይ የሚሄድም አለ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ጋራዦች ደጅ ብትቆሙ ግን "ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሞተብኝ" የሚል ሰው አታጡም። ብዙዎቹ የባትሪውን ጥራት ይወቅሳሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ግን ባትሪውን የገደለው አያያዝ ነው። ይባስ ብሎ ጭራሽ ያልሞተ ባትሪ ተጥሎ አዲስ ይገዛል፤ ከሳምንት በኋላ አዲሱም አልነሳ ይላል።

የሚያስቆጨው ደግሞ ከተማችን ለባትሪ የተመቸች መሆኗ ነው። የባትሪ ቀንደኛ ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ባትሪውን ከውስጥ የሚበላው ሂደት በእጥፍ ያህል ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ከተማ ናት። ሰመራ የሚሠራ መኪና ባትሪው ቶሎ ቢያልቅ አይገርምም። አራት ኪሎ የሚያድር መኪና ባትሪ በሁለት ዓመቱ ካለቀ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ለፍለጋው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቮልት የሚለካ ቴስተር (ርካሹም ይበቃል)፣ የ10 ቁልፍ፣ የጎማ ጓንት፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በቂ ነው። መነጽር ካላችሁ አድርጉ። ባትሪ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ዓይን ላይ ቀልድ የለም።

መጀመሪያ፣ ባትሪው ለምን እንደሚሞት

ይህን ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል። የ12 ቮልት ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይሆናሉ። በየክፍሉ የእርሳስ ሳህኖች አሲድ ውስጥ ተነክረው ይቀመጣሉ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው አሠራር መሠረቱ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ አለ።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይህ ሰልፌት ተመልሶ ይሟሟል። ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ አይለቅም። ሰልፌቱ በያዘው ቦታ ልክ ባትሪው አቅሙን ያጣል። ቆላ ያለ መኪና ባትሪውን ሙቀት ይበላዋል፤ እኛ ጋ ግን አብዛኛውን ባትሪ የሚገድለው ይኸው ሁልጊዜ ግማሽ ሞልቶ መኖር ነው።

ዕድሜውን እወቁ

ኮፈኑን ክፈቱና ባትሪው ላይ ቀን ፈልጉ። አንዳንዱ ላይ ወርና ዓመቱ የተበሳ ወይም የተፋቀ ስቲከር አለ። ሌላው ላይ ክዳኑ ወይም ተርሚናሉ ላይ ቁጥርና ፊደል ተመትቷል። ምንም ካላገኛችሁ ደረሰኙን ፈልጉ። አዲስ የገዛችሁ ዕለት ደግሞ በማይለቅ ማርከር የተገጠመበትን ቀን ራሱ ባትሪው ላይ ጻፉ። የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ጨምሩበት። መኪናውን ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ያመሰግናችኋል።

3 ዓመት ያለፈውን ባትሪ በየስድስት ወሩ ለኩት። ዋናው ወቅት ጥቅምት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ባትሪ አይገድልም፤ የደከመውን ግን ያጋልጣል። በብርድ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል፤ ስለዚህ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በክረምት ሲያንገራግር የከረመ ባትሪ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሲሉ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ለኩት

ትክክለኛው ሰዓት እሁድ ጠዋት ነው። መኪናው አድሯል፣ ማንም አልነካውም። ሞተሩን ሳታስነሡ ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ላይ ያዙ። ካነዳችሁ በኋላ ወዲያው ብትለኩ ቁጥሩ ይዋሻል፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ የተወው ትርፍ ቮልት ገና አልወረደም።

12.6 ወይም 12.7 ካያችሁ ሞልቷል። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ላይ ሩብ ገደማ ቀርቶታል። ከ11.9 በታች ባዶ በሉት። እዩ እንግዲህ፣ ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። "12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ በትሕትና ድጋሚ እንዲያየው ጠይቁት። 12.0 ደህና አይደለም።

የእሁዱ ቁጥር ምን ያህል ኃይል እንዳለው እንጂ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አይነግራችሁም። ጉልበቱ የሚታወቀው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞርላችሁ አድርጉ፤ እናንተ ዓይናችሁን ከቴስተሩ አትንቀሉ። ጤነኛ ባትሪ ላይ ቁጥሩ ከ12.6 ወደ 10.5 ወይም 11 ዘፍ ይልና ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ወደ 14 ይወጣል። ይህ ሁሉ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪውም ከመለካቱ በፊት ሙሉ ከነበረ፣ ነገሩ አልቋል። ሙሉ ካልነበረ ግን አትፍረዱበት። መጀመሪያ በቻርጀር ሞልታችሁ ድጋሚ ፈትኑት። ያለ ጥፋታቸው የሚጣሉት ባትሪዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚሳቱት።

ቁልፍ ስታዞሩ "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" እያለ የዳሽቦርድ መብራት ከፈዘዘ፣ ወይ ባትሪው ወርዷል ወይ ተርሚናሉ አይነካም። አንድ ጊዜ ብቻ "ጠቅ" ብሎ መብራቱ ምንም ካልፈዘዘ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይሂድ። አዲስ ባትሪ ገዝታችሁ ይህን ችግር አታድኑትም።

ዲናሞውን አረጋግጡ

ሞተሩ እየሠራ እዚያው ተርሚናሎቹ ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መካከል ከሆነ ዲናሞው ሥራውን ይሠራል። የፊት መብራት፣ የመስታወት ማሞቂያና ፋን አብሩበትና እንደገና እዩ። ከ13.5 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው በቂ ምግብ አያገኝም። ከ14.8 በላይ ከወጣ ደግሞ ውሃውን እያፈላ ያደርቀዋል። አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተራቸው ቮልቱን እንደ ሁኔታው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ አንድ ጊዜ ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ።

ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ ቺንጊያ ካለ አትለፉት። የላላ ወይም ያረጀ ቺንጊያ ዲናሞውን በሚገባ አያዞረውም። ቺንጊያ ከባትሪ በጣም ይረክሳል።

አሁን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ዲናሞ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል የሚነቅሉ መካኒኮች አሉ። "ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል" ይሏችኋል። በድሮ መኪና ዘመን የተለመደ ዘዴ ነበር። ዛሬ ያለ ቪትዝ ወይም ያሪስ ላይ ግን አታስደርጉት። ባትሪው የዲናሞውን ቮልት አረጋግቶ ይይዛል። እሱ ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ሊዘል ይችላል፤ የሚመታውም ኮምፒውተሩን፣ የዲናሞውን ዳዮድ ወይም ቴፑን ነው። ቴስተር ያለው ሰው ኬብል መንቀል አያስፈልገውም። "ተው፣ በቴስተር ልካው" ብትሉት ማንም አይቀየማችሁም።

ተርሚናሎቹን አጽዱ

ጠጋ ብላችሁ እዩ። ፖዘቲቩ ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ካበበ ከባትሪው የሚወጣው የአሲድ ትነት ብረቱን እየበላው ነው። ይህ ዱቄት ኃይል ሲወጣም ሲገባም ያግዳል። ዲናሞው 14.2 እያወጣ ባትሪው ጋ 13.4 ብቻ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የዱቄቱ ብቻ ነበር።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ በመጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ቅደም ተከተሉ ለይስሙላ አይደለም። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፋችሁ የመኪናውን ብረት ከነካ ከባድ ብልጭታ ይነሳል፤ ቀለበት ወይም የእጅ ሰዓት ካደረጋችሁ ደግሞ ቆዳችሁን ያቃጥላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀቡት። ይንጫጫል፣ አረፋ ያወጣል። አረፋው እስኪያበቃ ድገሙት። ውሃ የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ክዳኖቹ በደንብ መጥበቃቸውን አስቀድማችሁ እዩ፤ ሶዳው ወደ ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሻል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ የተርሚናሉንና የኬብሉን ውስጠኛ ጎን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ።

ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቅደም፣ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሁን። አጥብቁና በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። ንቅንቅ ማለት የለበትም። ላዩን ስስ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። ባትሪው ሲነቀል የሬዲዮው ኮድና የመስኮት ማስተካከያ ሊጠፋ እንደሚችል አትርሱ።

ውሃውን እዩ

ይህ ላዩ ላይ የሚከፈቱ ክዳኖች ላሉት ባትሪ ነው። ገበያ ላይ ደረቅ የሚባለው ዝግ ባትሪ ላይ ምንም አትክፈቱ።

በየሦስት ወሩ ክዳኖቹን ከፍታችሁ ፈሳሹ ሳህኖቹን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መሸፈኑን አረጋግጡ። ከጎደለ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን አለበት። አሲድም አትጨምሩ። ተኖ የሄደው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። አንዱ ክፍል ብቻ ከሌሎቹ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ያ ክፍል እየሞተ ነው። ሁሉም እኩል ቶሎ ከጎደሉ ግን ዲናሞው ከመጠን በላይ እየሰጠ ስለሆነ ወደ ቮልቱ ተመለሱ።

እሰሩት

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ገዳይ ይኸውና። ባትሪውን በእጃችሁ ያዙና ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ማሰሪያው የለም ወይም ላልቷል። ዋናው መንገድ ለስላሳ ቢሆንም ሁላችንም ሰፈር የምንገባው በኮብልስቶን ነው። ያ መንቀጥቀጥ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሳህኖቹ ላይ ያለውን ሥራ የሚሠራ ቁስ ያራግፈዋል። የረገፈው ታች ይከማችና አንድ ቀን ሁለት ሳህኖችን ያገናኛል። ያኔ አንዱ ክፍል ይሞትና ባትሪው ምንም ብትሞሉት ከ10.5 አካባቢ አልወጣ ይላል። ትናንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ ድንገት የሚሞት ባትሪ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባትሪ ሲቀየር ማሰሪያው ይጠፋል፣ ወይም አዲሱ ባትሪ መጠኑ ስለሚለይ አይገጥምም። ከዚያ በከመነዳሪ ቁራጭ ታስሮ ወይም ጎኑ ካርቶን ተወትፎ ይሄዳል። ካርቶን አሲድና ዘይት ይመጥጣል፤ ከሞተር አጠገብም ነው ያለው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የመኪናችሁን ማሰሪያ ፈልጉ። እዚያ የማይገኝ ከሆነ ብየዳ ቤት በሩብ ሰዓት ይሠራላችኋል። ባትሪው ዙሪያ ፋብሪካው ያደረገው የፕላስቲክ ወይም የስፖንጅ ልብስ ካለም አትጣሉት። የሞተሩን ሙቀት የሚከልለው እሱ ነው።

ቆሞ እያለ ማን እየበላው ነው?

መኪናው አርብ ማታ ደህና ቆሞ ሰኞ ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ባትሪው ጤነኛ ቢሆን እንኳ የሆነ ነገር እየጠባው ነው። የዘመኑ መኪና ተቆልፎም ትንሽ ይበላል፤ እስከ 50 ሚሊ አምፔር ድረስ ጤነኛ ነው። ሒሳቡን እዩት። 50 ሚሊ አምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። 45 አምፔር ሰዓት ያለው የትንሽ መኪና ባትሪ በ20 ቀን ውስጥ ግማሹን በዚህ ብቻ ያጣል። ፍጆታው 300 ሚሊ አምፔር ከሆነ ደግሞ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

እኛ ከተማ የሚጠረጠሩት የታወቁ ናቸው። ከፋብሪካ ያልመጣ አላርም፣ የጂፒኤስ መከታተያ፣ ቀጥታ ከባትሪ የተሳበ አምፕሊፋየር፣ ሁልጊዜ የሚቀርጽ ዳሽ ካሜራ። የሻንጣ መብራትም አለ፤ ሲዘጋ መጥፋቱን የምታዩበት መንገድ ስለሌለ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉት።

ለመለካት ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉና ቀዩን ገመድ በተዘጋጀለት ሌላ ቀዳዳ ሰኩ። ኔጋቲቭ ኬብሉን ፍቱ። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተፈታው ኬብል ላይ አድርጉ። በሮቹ ይዘጉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ። በዚህ መሃል ቁልፍ አታዙሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከ50 ሚሊ አምፔር (ቴስተሩ ላይ 0.05) በላይ ካነበባችሁ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ ዘፍ ያለበት ፊውዝ ሌባውን ይነግራችኋል። ይህ ከከበዳችሁ ጥሩ አውቶ ኤሌክትሪሽያን ይሥራው፤ ግን ባትሪ ሳትገዙ በፊት።

አነዳዳችሁ

ሞተር ማስነሳት ራሱ ብዙ ኃይል አይጨርስም፣ ሰከንድ ነው። ጉዳቱ ከዚያ በኋላ በቂ ጊዜ ባለመነዳቱ ነው። ከካዛንቺስ ስታዲየም ድረስ በዝናብ፣ በመጨናነቅ፣ መጥረጊያው እየሠራ፣ መብራትና ፋን በርቶ፣ ስልክ ተሰክቶ፣ ቴፕ እየጮኸ ስትሄዱ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒሞ ላይ ነው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቀስ ብሎ ይዞራል። ዲናሞ በሚኒሞ የሚያወጣው ትንሽ ነው። የሚያወጣውን እነዚያው ዕቃዎች ይጨርሱታል። ባትሪው የሰጠውን ሳይመለስለት ያድራል። ነገም እንደዚያው። ከክረምቱ መጨረሻ ላይ ብትለኩት 12.3 ላይ ተንጠልጥሏል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚሄድ መንገድ ስጡት። እሁድ ጠዋት የቀለበት መንገዱ ይበቃል። ቤት ጋራዥና መብራት ያለው ሰው ደግሞ ራሱ የሚያቆም ትንሽ ቻርጀር ቢገዛ በጣም ይመከራል፤ በወር አንድ ሌሊት ይሰካው። የወረደ ባትሪን በመንዳት እሞላለሁ ብላችሁ ግን አትድከሙ። ሰዓታት ይፈልጋል፣ ዲናሞውንም ያንገላታል። ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉ ሱቆች ስትወስዱት "በአንድ ሰዓት ይደርሳል" ካሏችሁ "አይ፣ ቀስ ብሎ ይሞላ፣ ይደር" በሉ። ለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ 4 ወይም 5 አምፔር ተገቢው ነው።

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሞተር እያጠፉ ሦስት ሜትር ለመጠጋት ደጋግሞ ማስነሳት ባትሪውን ይጎዳዋል። ሜዳ ከሆነና ሰው ካለ ገፉት። ካልሆነም ጠፍቶ ባለበት ሰዓት ቴፕና መብራት አይብራ። ተሳፋሪ እየጠበቁ ሞተር አጥፍተው ሬዲዮ የሚሰሙ የሜትር ታክሲ ሹፌሮችም ይህ ይመለከታቸዋል። የፊት መብራት ረስቶ መውረድ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአራት ሰዓት ገደማ ባዶ ያደርገዋል። ለማስነሻ የተሠራ ባትሪ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን አይወድም፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢደጋገምበት ዕድሜው በግልጽ ያጥራል።

ክፍለ ሀገር ወይም ውጭ አገር ሄዳችሁ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሞልታችሁ ኔጋቲቩን ፍቱት። ዘመድ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ሞተር እንዲያስነሳ ማዘዝ ብዙ አይረዳም። ካስነሳው ይንዳው።

ከሌላ መኪና ማስነሳት

ኦቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሳም፤ ኬብል ሻንጣ ውስጥ ይኑር። ቀዩን ኬብል የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቀዩን ጫፍ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩን የደህናው ኔጋቲቭ ላይ። የመጨረሻውን የጥቁር ጫፍ ባትሪው ላይ አታድርጉት፤ ባትሪው በሞተው መኪና ላይ ከባትሪው ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ ያዙት። ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ መጨረሻ ላይ የሚነሳው ብልጭታ ከአፉ መራቅ አለበት። ሲጋራም አይጨስ። ደህናው መኪና አምስት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ሞክሩ። ሲነሳ በመጣበት ተቃራኒ ንቀሉ። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ለሌላ አበዳሪ እንዲሆኑ አታድርጉ፤ አብዛኞቹ አምራቾች ይከለክላሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ባለቤቶቹ ትልቁን ባትሪ ብቻ ሲያስቡ ትንሹን ይረሱታል። እነዚህ መኪኖችም 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ከወረደ ትልቁ 90 በመቶ ቢኖረውም መኪናው አይነቃም። ከላይ ያለው መለኪያ እዚህም ይሠራል። ብርቱካናማ ኬብል ያለበትን ግን በፍጹም አትንኩ።

መቀየር ግድ ሲሆን

መጠኑን አሮጌው ላይ ካለው ኮድ አንብቡ። ለምሳሌ 46ቢ24ኤል የሚል የጃፓን ኮድ ላይ 46 የጉልበት ደረጃው ነው። ቢ የወርዱና የቁመቱ መለኪያ፣ 24 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ኤል ደግሞ የተርሚናሉ አቅጣጫ ነው። ኤል እና አር ከተቀያየሩ ኬብሉ አይደርስም፤ ስቦ ለማድረስ የሚሞክር ሰው ካለ አስቁሙት። ጉልበቱ ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳም፣ ዝቅ ግን አይበል። አሮጌው ባትሪ፣ ስትቆሙ ሞተሩ ራሱ ለሚጠፋና ስትሄዱ ራሱ ለሚነሳ መኪና የተሠራ፣ ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ የሚባል ዓይነት ከሆነ፣ አዲሱም ያው ዓይነት ይሁን።

ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪም ራሱን ያወርዳል። ከ12.5 በላይ ከሆነ ጥሩ፣ 12.4 ከሆነ ሞልቶ ይስጣችሁ፣ ከ12.2 በታች ከሆነ ሌላ ይምጣ። ምርቱ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ዋጋ ተከራከሩበት። ክዳኑ አዲስ፣ ተርሚናሉ ግን የተፋቀ ወይም የቁልፍ ጭረት ያለበት ከሆነ ስቲከር የተቀየረለት አሮጌ ሊሆን ይችላል። መጠናቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ባትሪዎች ከባዱን ምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ እርሳሱ የበዛው እሱ ነው። ዋስትናው ማኅተምና ቀን ባለው ደረሰኝ ላይ ይጻፍ።

አሮጌውን ባትሪ ቤት አታስቀምጡት። እርሳሱ ዋጋ ስላለው ባትሪ ሻጩ ከአዲሱ ሒሳብ ላይ ይቀንስላችኋል፣ ቆራሌውም ይገዛዋል። ሻጩ ይመረጣል፤ ቀጥታ ወደ ሪሳይክል የሚሄድበት ዕድል ሰፊ ነው። ለማንም ብትሰጡት አሲዱን ቱቦ ወይም አፈር ላይ አትድፉ፣ ልጆች ባሉበት ግቢም ማንም እንዳይሰብረው። የእርሳስ ብናኝ ትንሹ መጠን እንኳ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ቆሞ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ይጓጓዝ፤ ከወንበር ላይ ሳይሆን ከሻንጣ ውስጥ።